«ሥር የላቸውም» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ሰባት ሰው ልኮልኛል። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከሥሩ «ይሄ ስላንቺ ነው» ብላ ጽፋለች። ጽሑፉ የሚያወራው ልጅነታቸውን በሁለትና በሦስት አገር ስላሳለፉ ልጆች ነው። ጸሐፊው በቀና ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። አማርኛቸው ያምራል። ለልጆች ማሰባቸውም ያስታውቃል። ግን ብዙው ነገር ልክ አልመሰለኝም። በመጨረሻ የሰጡት ምክር ደግሞ ልጅ ይጎዳል። ዝም ብዬ ላልፈው ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ጽሑፉ ላልደረሳችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። አገር እየቀያየረ ያደገ ልጅ የእኔ የሚለው ቋንቋ የለውም፤ የሚናገረው ሁሉ ጉራማይሌ ነው። ታላቅ ማክበር አያውቅም። ሥር ስለሌለው ለአገር አይበጅም። ነገሩም ቢሆን የዲፕሎማትና የሀብታም ልጆች የቅንጦት ጣጣ ነው፤ ድሃው ሕዝብ አያውቀውም። ስለዚህ ለእንጀራ ብሎ የሚሰደድ ወላጅ ልጁን ይዞ መንከራተት የለበትም፤ 18 ዓመት እስኪሞላው አያቱ ዘንድ ይደግ።

እኔ ከነዚህ ልጆች አንዷ ነኝ። የተወለድኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ4 ዓመቴ ወላጆቼ ካርቱም ወሰዱኝ። በ10 ዓመቴ ናይሮቢ ገባን። በ15 ዓመቴ ተመልሰን አያቴ ቤት፣ እዚያው ዶሮ ማነቂያ። ዛሬ የራሴ ልጆች አሉኝ፤ የምኖረውም ብዙ ሳልርቅ አራት ኪሎ ነው።

ከቋንቋው ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስመለስ አማርኛዬ የማድ ቤት አማርኛ ነበር። ምጣድ፣ ማሰሻ፣ እርሾ፣ «እጅሽን ታጠቢ»፣ «በጊዜ ተኚ»። እናቴ ካርቱም፣ ደይም በሚባለው ሰፈር እንጀራ ጋግራ ትሸጥ ስለነበር፣ ስለ እንጀራ ማንም አይረታኝም። ከዚያ ውጪ ግን ባዶ ነበርኩ። ትምህርት ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የአማርኛ መምህሩ 20 ቃላት እያነበበ አጻፈን። ያገኘሁት 3 ነው። ውጤቴን ክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ ተናገረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ሱዳን» ሆነ።

ማታ እያለቀስኩ ለአያቴ ነገርኳት። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። የምታደርገውን ግን ታውቅ ነበር። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጎረቤታችን ጋሼ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ጋሼ ጡረታ የወጡ ታይፒስት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ያስነብቡኝ ጀመር። ስሳሳት አይስቁም፣ አይቆጡም። ቃሉን ረጋ ብለው ይደግሙታል። እኔም ተከትዬ እደግመዋለሁ። ዓመት ሳይሞላ ከክፍላችን በአማርኛ ሦስተኛ ወጣሁ።

ጸሐፊውን የምጠይቀው ይሄን ነው። መንገዱ ቋንቋ አሳጥቶኝ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ጡረተኛና አንድ ክምር ጋዜጣ በዓመት ይመልሱልኝ ነበር? የጎደለኝ ጊዜና የሚታገሰኝ ሰው ነበር። ዛሬም ከውጭ የመጣ ልጅ ክፍል ሲገባ የሚጎድለው ያው ነው። አንድ ዓመት ብቻ አትሳቁበት። ለየት ያለ ክፍለ ጊዜ ስጡት፤ እሱ ባይቻል አጠገቡ አንድ ታጋሽ ልጅ አስቀምጡለት። ብዙ ወጪ የለውም።

ደግሞ የመጣሁት ባዶ እጄን አልነበረም። ካርቱም ውስጥ ቤት «ቤት» ነው፣ ደም «ደም» ነው፣ ነፍስም «ነፍስ» ነው። በልጅ አእምሮዬ ሱዳኖች አማርኛ ተምረው የረሱ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። ናይሮቢ ስገባ ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። በኪስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነው። እንግሊዝኛው ጠዋት ስምንት የሚለውን ኪስዋሂሊ «ሳ ምቢሊ» ይለዋል፤ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ቤት እናቴ «2 ሰዓት ሆነ፣ ተነሺ» ትለኛለች። ትምህርት ቤት ስደርስ የኪስዋሂሊ መምህራችን በራሷ ቋንቋ ያንኑ ትላለች። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ከሚወስድ መንገድ ማዶ የእናቴን ሰዓት አገኘሁት። ይሄን ማንም አላስተማረኝም። በመኖር ነው ያገኘሁት።

«ጉራማይሌ» የሚለውን ቃል ጸሐፊው እንደ ስድብ ይጠቀሙበታል። አያቴ ጉራማይሌ ነበረች። ድዷ እየተዘለለ የተነቀሰ፤ አንዱ ጋ ጠቁሮ፣ አንዱ ጋ በራሱ ቀለም ቀርቶ። በዘመኗ ለቁንጅና ተብሎ ነው የተነቀሰችው። ስትስቅ ያምርባት ነበር። አማርኛችንም እኮ ከዚህ አይርቅም። ጸሐፊው በጽሑፋቸው መኪና ብለዋል፤ ከጣሊያንኛ ነው። ሱቅና ወረቀት ብለዋል፤ ከዐረብኛ ነው። ማንም አልከፋውም፤ ሊከፋውም አይገባም።

ታላቅ ማክበርን በተመለከተ ብዙ አልቆይም። አዎ፣ አጥፍቻለሁ። በመጣሁ ሰሞን እኚያኑ ጋሼን «አንተ፣ ና ግባ» ብያቸዋለሁ። አያቴ ደነገጠች። እሳቸው ግን ገቡ። የተናገርኩት በንቀት አልነበረም። በሱዳን ዐረብኛ ለትንሹም ለትልቁም «ኢንተ» ነው የሚባለው፤ አክብሮቱ «ያ ዓም» በሚለው ጥሪ ላይ ነው ያለው፤ አጎቴ እንደማለት ነው። በኪስዋሂሊ ደግሞ ታላቅ ሰው ሲገጥምህ «ሺካሞ» ትላለህ። መምህራችን «እግርዎን ይዣለሁ» ማለት ነው ብላ ነግራናለች። አገሬ ገብቼ ሰው የሽማግሌ ጉልበት ሲስም ሳይ ወዲያው ገባኝ። ያቺኑ «ሺካሞ» ነው ያየሁት። ከውጭ መጥተው ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫቸው የማይነሱ ልጆች አሉ፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። ግን ንገሩት፣ ይነሳል። አገር ውስጥ ያደገውስ ሳይነገረው ነው እንዴ የሚነሳው?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ሥር የለውም፣ ለአገር አይበጅም» ወደሚለው።

ጸሐፊው የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ሳያውቁት አይቀሩም። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ወርቅነህ ገና ሕፃን ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። ያደጉት እዚያ ነው፤ ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም። ሐኪም ሆኑ፣ በርማ ሄደው ሠሩ። ከአድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው ሲመጡ አማርኛቸው ጠፍቶ ነበር። ጎልማሳ ሆነው እንደገና ነው የተማሩት። በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን ከኚህ ሰው ምን ይጠበቃል? ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ጣሊያን ሲወረን ደግሞ ለንደን ላይ አገሪቱን ወክለው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ያንን ሥራ የቻሉት እንግሊዞችን በቋንቋቸው፣ በአነጋገራቸው፣ በአስተሳሰባቸው ስለሚያውቋቸው ነው። የቆሙት ደግሞ ለኢትዮጵያ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የሰፈሬ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የአርመኖች ቤተክርስቲያን አለ። በልጅነቴ በአጠገቡ ስናልፍ አያቴ ትሳለመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» እየተባሉ የሙዚቃ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡ ዘመን የሕዝብ መዝሙር ሲሠራ ዜማውን ደረሰ። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ልጅነቱን ያሳለፈው ሶሪያ፣ ሐለብ ነው። እዚህ መጥቶ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ኦርኬስትራ ሲያሠለጥን፣ የእኛን ዜማ ለብዙ መሣሪያ እያቀናበረ ኖረ። በተለያየ አገር ስላደገ ጆሮው ብዙ ነገር ይሰማል። የእኛንም ሰማው።

ጸሐፊው «እነዚህ ልዩ ሰዎች ናቸው» ይሉኝ ይሆናል። ይሁን፣ ልቀበል። እንግዲያው ተራ ሰው ላምጣ፤ እኔን። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። ብዙ ሰው በመተማ በኩል ወደ እኛ ሸሸ። አራት ኪሎ አንድ መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ ከፊቴ አንዲት ሱዳናዊት እናት ልጇን ታቅፋ መናገር አቃታት። የእኔ ዐረብኛ የ10 ዓመት ልጅ ዐረብኛ ነው። እዚያው ዕድሜ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ግን ልጅ የሚያውቀው ቃል ሕመም ነው፣ ትኩሳት ነው፣ ውኃ ነው። በቃኝ። ለባለሙያዋ አስረዳሁላት። ስንወጣ ከየት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። «ደይም» አልኳት። እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ያደግኩበት ሰፈር ሲነድ አዲስ አበባ ውስጥ አብሮኝ የሚያዝን ሰው ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ብዙ አገር ማደግ ዋጋ ያስከፍላል ሲባል እኔ የማውቀው ዋጋ እሱ ነው። ለቅሶህን የሚረዳልህ ጎረቤት ታጣለህ። ጸሐፊው ስለዚህ ቢጽፉ ኖሮ እያንዳንዷን መስመር እደግፍ ነበር።

ሥር ማለት አንድ ቦታ መኖር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። የአያቴ ቤት የት ጋ እንደነበረ ዛሬ ቆሜ ማሳየት አልችልም። ከአዲስ አበባ ወጥተው የማያውቁ፣ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ጎረቤቶቻችን ወደ ዳር ዳር ኮንዶሚኒየም ተበትነዋል። ሥራቸው ተነቀለ እንበላቸው? ባለፈው አንዷ እናት ሲያርፉ የድሮው ዕድር ሰው ከየአቅጣጫው በታክሲ ተሰብስቦ መጣ። ድንኳኑ የማያውቁት ሰፈር ነው የተተከለው። የለቀስተኛው ስም ዝርዝር ግን ያው የዶሮ ማነቂያ ነው። እኔም ስሜ እዚያ ውስጥ አለ።

«የሀብታም ልጆች ጣጣ ነው» ለሚለው አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። ነገሩን መጀመሪያ ያጠኑት አሜሪካዊቷ የሶሺዮሎጂ ባለሙያ ሩት ሂል ዩሲም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሕንድ ውስጥ የሚሠሩ አሜሪካውያንን ቤተሰቦች ሲመለከቱ ነው «የሦስተኛ ባህል ልጆች» የሚለውን ስም ያወጡት። ከወላጆቹ ባህልም፣ ካደገበት አገር ባህልም ለየት ያለ፣ በመሃል የሚፈጠር ሕይወት ለማለት ነው። እነዚያ ቤተሰቦች ደህና ኑሮ የሚኖሩ ነበሩ። በእኛም ከተማ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከ1950 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ የዛሬው የአፍሪካ ኅብረት፣ ደግሞ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ስላሉ የዲፕሎማት ልጅ ብርቃችን አይደለም።

ግን በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ የተባረሩትን ወገኖቻችንን እናስታውስ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመለሰው። ሕፃናትም ነበሩበት። እነሱን ነው የቅንጦት ልጆች የምንላቸው? አምቼዎችንስ? አምቼ የከባድ መኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ስም ነው። ዕቃው ከውጭ ይመጣል፣ የሚገጣጠመው እዚህ ነው። ስሙ አዲስ አበባ ለተወለዱና ላደጉ የኤርትራውያን ልጆች ቅጽል ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ብዙዎቹ በአማርኛ አፋቸውን ከፈቱበት ከተማ ወጥተው አስመራ ሄዱ። እዚያም «አምቼ» ተባሉ። ሀብታም አልነበሩም። የመካኒክ፣ የባለ ሱቅ፣ የአስተማሪ ልጆች ነበሩ። የእኔም አባት መካኒክ ነው።

ደግሞ ጸሐፊው ልብ ያላሉት ነገር አለ። መጀመሪያ «ድሃው አያውቀውም» ይላሉ። ቀጥለው «ለእንጀራ የሚሰደድ ወላጅ ልጁን አይውሰድ» ብለው ይመክራሉ። ድሃው የማያውቀው ነገር ከሆነ ምክሩ ለማን ነው?

ይሄ ምክር ነው እንድጽፍ ያደረገኝ። አማራጭ አጥተው ልጃቸውን ትተው የሚሄዱ እናቶች አሉ። ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ልጇን የት ታደርገዋለች? እነሱን መውቀስ ግፍ ነው። አያቶቻችንም በፍቅር ያሳድጋሉ፤ የእኔዋን አይታችኋታል። ልጅን መተው እንደ ጥሩ አስተዳደግ ሲመከር ግን አልቀበልም። ምክንያቱም ይሄ ምክር እኛ ቤት ተሞክሯል።

ወንድም አለኝ፤ በ3 ዓመት ይበልጠኛል። የምጽፈው ፈቃዱን ጠይቄ ነው። ወላጆቼ ካርቱም ሲሄዱ እሱ 7 ዓመቱ ነበር። ትምህርት ጀምሯል፣ ከአገሩ አይነቀል ተባለና አያቴ ዘንድ ቀረ። 11 ዓመት ቆየ። ስንመለስ 18 ሞልቶታል። ልክ ጸሐፊው እንደሚሉት።

በሞያሌ አድርገን በአውቶቡስ ነው የመጣነው። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ መሽቷል። ወንድሜ ከአያቴ ጎን ቆሟል። ረጅም ሆኗል። እናቴ ዕቃዋን ጥላ ሮጠች። እሱ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣትና «እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ» አላት።

አማርኛው እንከን የለውም። አክብሮቱም እንደዚያው። ግን የጨበጣት እናቱ ናት፤ «እርስዎ» አላት። «እማዬ» የሚለው አያቴን ነበር። እናቴ እዚያው ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። እኔ ጋሼን «አንተ» ያልኩት በዚያው ወር ነው። የእኔ ስህተት በዓመት ታረመ። የወንድሜ «እርስዎ» እስከ ዛሬ አለ።

ጽሑፉን ባለፈው እሑድ አሳየሁት። ስልኬን ይዞ እስከ መጨረሻው አነበበና መለሰልኝ። «ከእማዬ ጋር ማደጌን አልጠላውም» አለኝ። ትንሽ ዝም አለና ስለ ካሴቱ ነገረኝ። እናቴ ሰው በመጣ ቁጥር ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ትልክ ነበር። አያቴ ከቤተክርስቲያን መልስ ቡና አፍልታ ትከፍተዋለች። ሁሉም ይሰማል። እሱ የእናቴን ቃል አንድ በአንድ በቃሉ ይዞት ነበር፤ የት ላይ እንደምትስል ጭምር።

«አንደኛው ገጽ ሊያልቅ ሲል ‹ልጄ፣ ተነስና ገልብጠው› ትላለች» አለኝ። «ተነስቼ እገለብጠዋለሁ። በልጅነቴ ያዘዘችኝ ሥራ እሱ ብቻ ነው።»